ማልኻዝ ጀርባ ላይ ያለው እጄ

ኅዳር 3፣ ሰኞ
የራግቢ ልምምድ። ሠላሳ ጊዜ ስክረም ገባን፤ ስምንት ለስምንት፣ ትከሻ ለትከሻ መገፋፋት። ሻወር ቤት ሳየው የግራ እጄ ሁለት ጣቶች ደንዝዘዋል። ብርዱ ይሆናል... ትብሊሲ ዘንድሮ ቶሎ በርዷል። ቤት ስገባ ሚስቴ ኤካ ኻቻፑሪ ጋግራለች። ቆርሼ ሳነሳው ከእጄ አመለጠና አይቡ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ።
"አሥራ ሁለት ዓመት ለአገሩ የተሰለፈ ሰውዬ ዳቦ መያዝ ያቅተው?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ኅዳር 5
ብርዱ አይደለም። ዛሬ ስንጋጠም ከአንገቴ እስከ ጣቴ እንደ ኮረንቲ ነዘረኝ። ፈራሁ። ለቡድኑ ሐኪም ልንገረው? ብነግረው ለቅዳሜው ግጥሚያ የሦስት ቁጥር ማልያዬ የተቀያሪዬ የጌላ ነው። ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ። አንዴ ከለበሰው ማን ያስወልቀዋል? እኔ ሠላሳ አምስት... ዝም አልኩ።

ኅዳር 6
ሐኪሙ "ጣቶቼን ጨብጥ" አለኝ፣ ለሁላችንም እንደሚለው። በቀኙ አደቀቅሁለት። ግራው ላይ ስንደርስ ስልኩ ጮኸና ተወው። "በሬ ነህ!" ብሎ ሸኘኝ። ተረፍኩ። ከምኑ ነው የተረፍኩት?
ማልኻዝ ግን አይታለልም። ሁለት ቁጥር ነው፣ ስክረም ውስጥ መሃላችን የሚገባው። በሁለት ክንዱ እኔንና አንድ ቁጥርን ያቅፋል፤ የእኔ ግራ እጅ ጀርባው ላይ ማልያውን ይጨብጣል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነን።
"ዙራ፣ እጅህ የት ሄደ?"
"አለ።"
"የለም። ጀርባዬ እኮ ነው፣ አይሰማኝም እንዴ?"
ነገርኩት። እንዳይናገርብኝ ለመንኩት። ከነዘር ማንዘሬ ሰደበኝ። ከዚያ ፕላስተር አምጥቶ ከማልያው ሥር ወገቡ ላይ ጠመጠመው። "አንጓህን እዚህ ውስጥ ሸጉጥ። ለቅዳሜ ብቻ!" ሞከርነው። ያዘ። ማንም አላየም።

ኅዳር 7
ስክረሙ ቢወድቅስ? ሲወድቅ እጅህን ለቀህ ትንከባለላለህ። የኔ እጅ አይወጣም። ለራሴ አንገት የመጣው ይምጣ ብያለሁ። ግን እሱስ? ክንዶቹ እኛ ላይ ናቸው፣ በፊቱ ነው የሚወድቀው። የኔ መቶ ሃያ ስምንት ኪሎ እላዩ ላይ ታስሮበት... ይህን አላሰበውም? አስቦታል። ከሁሉም ያስፈራኝ አስቦት እሺ ማለቱ ነው።
ከሰዓት ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ስለ ፕላስተሩ ትንፍሽ አላልኩም።
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ከሰኞ።"
ፊቱ ተለዋወጠ። አንገቴን ራጅ ካስነሣኝ በኋላ "ነገ ገብተህ ቢሆን ኖሮ..." አለና አልጨረሰውም።
ማልኻዝ ጋ ደወልኩ። "ነገርኩት" አልኩት። "ተመስገን!" ብሎ ዘጋብኝ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ
ስታዲየም። ተመልካች ሆኜ፣ አንገቴ በድጋፍ ታስሮ። ሐሙስ ኦፕራሲዮን ነው። ከዚያ በኋላ ራግቢ የለም፣ ቁርጡን ነግረውኛል። የሦስት ቁጥር ማልያ ለጌላ ልክ ሆኖለታል... አናደደኝ።
የመጀመሪያው ስክረም ወደቀ። ጌላ እጁን ለቆ ተንከባለለ። ማልኻዝ በግንባሩ ሣሩ ላይ ተደፍቶ ቀረ። አንድ... ሁለት... ሦስት... ተነሣ። ጭቃውን ተፍቶ ጌላን ትከሻው ላይ መታ አደረገው።
ሰው ሁሉ እያየኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ኤካ ያለቀስኩት ለማልያው መስሏት "አይዞህ፣ የኔ ጌታ፣ በቃህ እኮ" ትለኛለች።