እምዬ ያለ አስተርጓሚ ያየችው ፊልም

ይድረስ ቤሩት ለምትኖሪው ለውድ እኅቴ ለእታገኘሁ፤

እታለም፣ እንደምን አለሽ? ያ ወገብሽስ ተሻለው? ማዳምሽስ ዕረፍት ትሰጥሻለች? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር፣ ክብሩ ይስፋ፣ ደኅና ነን። እኔማ ሰሞኑን ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው።

በላክሽልኝ ፕሮጀክተር ፊልም ላሳይ አዳራሽ መከራየቴን ታውቂያለሽ። ወንበሩ ባዶውን ሲውል የአዳራሹ ባለቤት ጋሽ አሻግሬ፣ እስከ ጥምቀት ካልሞላ የእህል መጋዘን አደርገዋለሁ ብለው ቁርጡን ነገሩኝ። የገዛ እናታችን እንኳ ደጁን ረግጣው አታውቅም፤ የማልሰማውን ቋንቋ ምን ላደርገው ትላለች።

ጨነቀኝና ፊልምን ከሥሩ ልጀምረው አልሁ። በአንድ የገበያ ቀን፣ ፊልም ገና ድምፅ ሳያወጣ የተሠራ ቀልድ ከፈትሁ፤ እምዬንም ለምኜ አስገባኋት። አንድ ሙሽራ በቅሎው አልሄድ ትለዋለች፤ ሲገፋት ትተኛለች፣ ትቷት ሲሄድ ትከተለዋለች። እምዬ ከሁሉ ቀድማ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ስትወጣም፣ «ይሄኛው አማርኛ ያውቃል!» አለች።

በማኅበሩም በሠርግ ቤቱም እሷው አወራችልኝ። በቀጣዩ ገበያ ከከላላ ወረዳ ድረስ የመጣው ሁሉ በቅሎውን ደጅ አስሮ ገባ፤ ጋሽ አሻግሬ በገዛ አዳራሻቸው መቀመጫ አጥተው ቆመው አዩ! የመጋዘኑም ወሬ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ንግግሩን እኔ በማይክ እየተረጎምሁ፣ በየገበያው ወደ አዲሱ ዓይነት እየተራመድን መጣን። ዘፈን የሞላበት ሲደርስ እልልታው ቀለጠ፤ ፈረሰኞቹ ሲታኮሱ ወንዶቹ ፎከሩ፤ የሚያስፈራው ሲመጣ ጎረቤቶቻችን ድንቅነሽ በስመ አብ፣ ፈይዛ አዑዙ ቢላሂ እያሉ ተቃቀፉ። የዘንድሮዎቹ ግን ፍቅሩንም ቀልዱንም ግድያውንም አንድ ላይ ስለሚቀላቅሉት እምዬ ተቆጥታለች፤ ስቀን ሳንጨርስ ሰው ይገድሉብናል፣ ምነው አንዱን ቢመርጡ ትላለች። እንግዲህ መጥተሽ አንቺ ተከራከሪያት!

በስልክ ስንተያይ ድምፅሽ ሲቆረጥ እምዬ አልቅሳ ትዘጋው አልነበር? ባለፈው እሑድ ከንፈርሽ ብቻ ሲንቀሳቀስ እኔ ልዘጋው ስል እጄን ያዘችኝ። ተወው፣ ይገባኛል ብላ እስከ መጨረሻው አየችሽ። «ሳቋ የይምሰል ነው፤ ልጄ መምጣት አምሯታል። አዳራሹ ለሁለታችሁም ይበቃል፣ ትምጣ በላት» ብላኛለች። ተሳስታ ከሆነ ንገሪኝ።

እምዬ ጉንጭሽን ትስማለች። ባለቤቴን ሄለንን በጣም ናፍቀሻታል፤ ልጃችን ሉሊትም ያቺን የሙሽራ በቅሎ ሆና ልታሳይሽ ትጠብቅሻለች። ፈይዛ አላህ በሰላም ያገናኘን ብላለች። ጋሽ አሻግሬም ሰላም ብለውሻል፤ አሁን ወንበር ለመያዝ በጊዜ ነው የሚመጡት።

ወንድምሽ ስማቸው
መካነ ሰላም፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.