የውሻው ድርሻ

ውድ ጋሼ፣

ስልክ ብደውልልዎ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ “ኪሎሽስ?” እንደሚሉኝ ስለማውቅ መጻፉን መረጥኩ። ይኸው ልንገርዎት፤ ጨምሬአለሁ። ደህና አድርጌ ነው የጨመርኩት። እሁድ ደግሞ በዚሁ ኪሎዬ ማራቶን እሮጣለሁ።

በረንዳዎ ላይ ያለችውን ሚዛን ሳስብ አሁንም እግሬን ይበርደኛል። ጠዋት ጠዋት እኛ የሚያሠለጥኑን ልጆች ጫማችንን አውልቀን፣ ተሰልፈን እንወጣባት ነበር። የቀነሰችዋን “ጎሽ፣ የኔ ላባ!” ይሏታል፤ የጨመረችዋን ዝም። ያ ዝምታዎ ከስድብ ይብስብን ነበር። እኔ እርስዎን ለማስደሰት አንጀቴን አስሬ ተኛሁ፣ አንጀቴን አስሬ ተነሳሁ። “ላባ” የሚለው ስም እኔ ላይ ሲጸና ሜዳሊያ የተጠለቀልኝ ያህል ኮራሁ።

ባለቤትዎ፣ እትዬ፣ ግን ገብቷቸው ነበር። ከልምምድ ስንመለስ በጓሮ በር ጠርተው የተቀቀለ ድንች በወረቀት ጠቅልለው ኪሳችን ይከቱልን ነበር። “ብሉ እናንተ! በንፋስ ነው እንዴ የምትሮጡት?” ይሉናል። እኛ “እሺ እትዬ” እንልና አጥሩን ዞር ስንል ለውሻዎ እንሰጠዋለን። እርስዎ “ይሄ ውሻ ምን እየበላ ነው እንዲህ የሚወፍረው?” እያሉ ሲገረሙ ሳቃችንን አፍነን ነበር የምንቆመው። ጋሼ፣ ያ ውሻ ሲበላ የኖረው የእኛን እግር ነው።

እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ ብቻ አይደለም። የወር አበባዬ ሲቀር “ተገላገልኩ” አልኩ። ሲበርደኝ ሹራብ ደረብኩ። ባለፈው ውድድር መጨረሻው ሲቃረብ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ስል፣ እርስዎ መጡና “ልብሽ ነው የሰነፈው” አሉኝ። ያ ቃል ዛሬም ያመኛል። ልቤ መቼ ሰነፈ? ባዶ የነበረው ሆዴ ነው። በማግስቱ ራጅ ስነሳ እግሬ ውስጥ የተሰነጠቀ አጥንት ተገኘ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስታ አየችና ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ስነግራት “አጥንትሽ ግን የአሮጊት ነው” አለች።

ከዚያ ወዲህ መብላት እንደ አዲስ ተማርኩ። ከልምምድ በፊት ዳቦ በማር፣ ስመለስ እንቁላልና ሩዝ፤ ሲርበኝ ደግሞ ሰዓት ሳላይ። የከበደኝ እየሮጡ መጠጣቱ ነው። መጀመሪያ ሯጮች ለጉልበት የሚጠጡትን ጣፋጭ ውሃ ገና ስጎነጨው ያስመልሰኝ ነበር፤ አላፊ አግዳሚው “ምነው ልጄ?” እያለ ሲያዝንልኝ ከረመ። ለካ ሆድም እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል። አሁን ፍጥነቴን ሳልቀንስ እጠጣለሁ።

የምሮጥለት ክለብ የሚያስቀረኝም የሚያሰናብተኝም የእሁዱን ውጤት አይቶ ነው። “አለቀላት፣ ወፍራለች” የሚሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ቂም ይዤ አይደለም። ሯጭ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት፤ እወድዎታለሁ። ግን ዛሬም ትናንሾቹ ልጆች ያቺ ሚዛን ላይ እየወጡ ነው። ለእነሱ ሲሉ ያንሷት። እምቢ ካሉ እኔው መጥቼ አነሳታለሁ፤ ጉልበቱ አሁን አለኝ።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ዳገቱ ከሚጀምርበት ላይ የመጠጥ ጠረጴዛ አለ። ኮዳዬን የሚያቀብለኝን ሰው ምረጪ ስባል የእርስዎን ስም ሰጥቻለሁ። ቢመጡም ባይመጡም እሮጣለሁ፣ እጠጣለሁም። ግን ከእጅዎ ብቀበለው ደስ ይለኛል። ሲመጡ እትዬ ድንች ቀቅለው ኪስዎ ይክተቱልዎ። ስጨርስ ፊትዎ ቆሜ እበላዋለሁ። ለውሻው ይንገሩልኝ፤ ከእንግዲህ ከእኔ ድርሻ የለውም።

ላባ ይሏት የነበረችው ልጅዎ