ባሕር ተሻግሮ መኝታ ቤቴ መግባት ላቃተው ኢንተርኔት

ለክቡር የኢንተርኔት ኩባንያው ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ጤናዎ፣ ወንበርዎ ደህና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ የጉልበቴንም ነገር ከታች ይደርሱበታል።

ስሜ ለገሰ ነው፤ ባሕር ማዶ፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቴት በሚሉት ሰፈር፣ ከልጄ ቤት የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ እናገራለሁ፣ ጎረቤቴ ማሐሪ ይጽፋል። ዘር ግን እቆጥራለሁ። በእኛ ዘንድ ልጆች ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሌ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ቆጥሮ፣ ዝምድና እንደሌለ ካላረጋገጠ ሠርግ የለም።

አሁን የልጅ ልጄ አድቫ፣ ዮኤል የሚባል ደግ ልጅ ልታገባ ነው። የልጁ ወገን ቆጥሮ ጨርሷል። የእኔን እናት ወገን አሟልታ የምታውቅ ግን ጎንደር ገጠር ያለችው ታላቅ እኅቴ ሐረጊቱ ብቻ ናት። እሷም ጆሮዋ ስለ ደከመ በስልክ አትሰማም፤ አፌን እያየች ነው ቃሌን የምትለቅመው። ስለዚህ ልጄ ፊት የሚያሳየውን፣ ያለ ሽቦ የሚሠራውን ኢንተርኔት ከእናንተ ገዛ። ለተደረገልኝ ሁሉ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

፩ኛ፦ ሠራተኛዎ ረኡቬን ኢንተርኔቱን የምትረጨውን ሣጥን ከውጭው በር አጠገብ በውስጥ በኩል ሰቅሎ፣ በቋንቋው «ሳባ»፣ ማለት «አያቴ» ብሎ ጠርቶኝ፣ «ቤቱ በሙሉ ተሸፍኗል» ብሎኝ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ከበሩ ውጭ ያለው የሕንፃው ደረጃ በእርግጥ ተሸፍኗል። ቤቱን እየጠበቅን ነው።

፪ኛ፦ መኝታዬ ማማድ ናት፤ ሚሳይል ሲመጣ ቤተሰቡ የሚሸሸግባት፣ ግድግዳዋ ወፍራም፣ በሯ ብረት የሆነች ክፍል። ኢንተርኔትዎ ከጎንደር ተነሥቶ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ አሽዶድ ይገባና ከሳሎን መኝታዬ መድረስ ያቅተዋል። እኔ ሱዳን ድረስ በእግሬ ስመጣ ከደጅ ደርሼ አልተመለስሁም። ቢሮዎ ስንደውል «የማማዱን በር ክፈቱት» ተባልን። ባለፈው ክረምት ሚሳይሉ ሲወርድ ደግሞ መንግሥት «ዝጉት» ይለን ነበር። ከመንግሥት ጋር ተመካክራችሁ አንድ ቃል ብትልኩልኝ እፈጽማለሁ።

፫ኛ፦ ኢንተርኔቱ የሚበረታው ደረጃው ላይ ስለሆነ፣ በሩን ከፍቼ ወንበሬን አውጥቼ እዚያው ተቀመጥሁ፤ ስለ ንጹሑ አየር እግዜር ይስጥልኝ። ሐረጊቱ ለዚሁ ብላ ከገጠር ወጥታ፣ ጎንደር ኢንተርኔት ቤት ገብታ በስልኬ መስታወት ፊት ለፊቴ ቀረበች። ጆሮው የደከመ ሰው ይጮኻልና የእናቴን ዘር ሕንፃው ሁሉ ሰማ። ስድስት ቤት ቆጠረች። ሰባተኛውን ልትጠራ አፏን ስትከፍት የባሕሩ ነፋስ የውጭውን በር ጠረቀመው፤ እሱም ብረት ነው። ኢንተርኔቱ ከውስጥ ተዘግቶበት፣ እኅቴ አፏን እንደ ከፈተች ስልኬ ላይ ደርቃ ቀረች። «ዘር ስቆጥርለት ጥሎኝ ሄደ» ብላ ተቀይማ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ዳግመኛም አልመጣም አለች።

ያን ጊዜ ከላያችን የሚኖሩት የዮኤል አያት አባ ወንዳለ ቆሻሻ ሊጥሉ ይወርዱ ነበር። አጠገቤ ቆመው «አባ ለገሰ፣ ሰባተኛው ሰው ምነው ተዋጠ? የሚያሳፍር ነው እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የወጣ የወረደው ሁሉ ሰባተኛውን ይጠይቀኛል። አድቫ ብቻ አትጠይቀኝም። ዓይን ዓይኔን አይታ ታልፋለች፤ የከበደኝም እሱ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ወይ ሣጥኗን ወደ መኝታዬ አስጠጉልኝ፣ ወይ ሌላ ጨምሩልኝ። ይህ ካልተቻለ እርስዎ ራስዎ መጥተው ደረጃው ላይ ይቀመጡና የእናትዎን ዘር ጮኸው ይቁጠሩልን፤ እኛም እናዳምጣለን።

ረጅም ዕድሜ፣ ወፍራም ደመወዝ፣ ቀጭን ግድግዳ ይስጥልኝ እያልሁ፣ ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
ለገሰ፣ ከደረጃው ላይ

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ ይህ ደብዳቤ ሳይወጣ ዘመዳችን ይርሳው ከጎንደር መጣ። ከመምጣቱ በፊት ሐረጊቱ ዘንድ ሄዶ፣ አስታርቆን፣ የሰባተኛውን ሰው ስም ይዞልኝ ማማዴ ድረስ ገባ። በሩ ተዘግቶ ነገረኝ፤ ቃሉም አልተቋረጠ። ዝምድና የለም፣ ልጆቹ ይጋባሉ። ክቡርነትዎን ሠርጉ ላይ ልጠራዎት ወድጄ ጥሪውን ከመኝታዬ ሆኜ በራስዎ ኢንተርኔት ልኬልዎታለሁ። ካልደረሰዎት በእኔ አይቀየሙ።