ቦታየለምን ሳሮጥ

የካቲት 11

12፡20 በሳይክል ወጣን፣ 1፡05 ተመለስን። ሃያ ሁለት ደቂቃ ሩጫ፣ ቀሪው እርምጃ። ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ጠጠሩ ላይ። ውሻው በቀኜ፣ መኪናው በግራዬ… እንደ ሁልጊዜው። አንዴ ብቻ ገመዱን ወጠረ፤ ሚኒባስ ጡሩምባ ሲነፋበት።

ቤት ገብተን አራቱንም መዳፎች አየሁ። የፊት ግራው ትንሽ ተሰንጥቋል። በጨው ውኃ አጠብኩ፣ ቫዝሊን ቀባሁ። የሚጠጣውን የሰጠሁት ትንፋሹ ከረጋ በኋላ ነው።

በገዛኸኝ በር ሳልፍ ሁለት ጊዜ ጠራሁት። "ቦታየለም! ቦታየለም!" አንዱ ለውሻው፣ አንዱ ለገዛኸኝ።

የካቲት 13

ሲቲ መንገድ ዳር ቲማቲሟን ስትደረድር አስቆመችኝ።

"አንቱ መምህር፣ ለዚህ ውሻ ስም አጡለት? ሰው ጃክ ይላል፣ ቦቢ ይላል።"

"ስም አለው።"

"እሱንማ አገር ሰምቷል።" ቀሚሷን ሰበሰበች። የውሻ ምራቅ ከነካት ሰባት ጊዜ ማጠብ አለባት። "የገዛኸኝ ሚስት ግን ምን በደለችዎ? አብራ ነው የምትሰማው።"

የውሻውን ገመድ ሰብስቤ አለፍኩ።

ከአራት ዓመት ግድም በፊት፣ በዚያ የጦርነት ክረምት፣ ከተማው ሲሸሽ ገዛኸኝ የጭነት መኪና አገኘ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ያስተማርን፣ በመጨረሻም ዳይሬክተሬ የነበረ ሰው። ሚስቴ ፍሬሰላም ስኳር ነበረባት፤ መራመድ አቅቷታል። ደግፌ መኪናው ሥር አቆምኳት። ከላይ ሆኖ አየን። "ቦታ የለም" አለ። ከኋላው ቁም ሣጥን ነበረ። ባለ መስታወት። ሁለታችንንም በመስታወቱ ውስጥ አየሁ… ሄዱ። መድኃኒቷ አለቀ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተች።

በመንፈቁ ቡችላ አገኘሁ። ስም አወጣሁለት። የአገራችን ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት የማይለውን በውሻው ስም ይለዋል፤ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። ለውሻ አጭር ስም እንደሚሻል ዐውቃለሁ። ሆን ብዬ ነው ያስረዘምኩት።

የካቲት 18

አብርሃም፣ የባንክ ጥበቃው፣ ክንዱ ተልጦ መጣ። እኔን አይቶ ውሻውን ሳይክል መሪ ላይ አስሮ ሞክሯል። ድመት አዩ። ውሻው ሄደ፣ መሪው ተከተለ፣ አብርሃም ተከተለ።

"እርስዎ እንዴት ነው የማይወድቁት?"

"ወድቄ ጨርሼ።"

አሳየሁት። ገመዱ ከኮርቻው በታች ዝቅ ብሎ ይታሰራል። በመሃሉ የአሮጌ ሶፋ ሞላ አለ፤ ውሻው ድንገት ሲጎትት ኃይሉን ይበላል። ቀበቶው ደረቱ ላይ እንጂ አንገቱ ላይ አይደለም። ፍጥነቱን የሚወስነው ውሻው ነው። ሶምሶማውን ትቶ ከጋለበ አንተ ፈጥነሃል ማለት ነው። ከመውጣትህ በፊት የእጅህን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳርፍ። እስከ ሰባት መቁጠር ካልቻልክ ተመለስ፤ የእኛ ቆላ መዳፍ ይልጣል።

ከሁሉ በላይ ግን መቆም። ስሙን ሲሰማ ባለበት ይቆማል፣ ዞሮ ያየኛል። ሌላ ምንም አያደርግም። ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። በአብርሃም ፊት አሥር ጊዜ ጠራሁት። አሥር ከአሥር።

"የእኔ አይሰማም።"

"አንተ አትደግምም።"

መጋቢት 4

ገዛኸኝ ከሆስፒታል ተመልሷል። ከቀኝ እግሩ ሁለት ጣት ተቆርጧል። ስኳር ነው አሉ። ስኳር…

ሐኪሙ የጠዋት ፀሐይ አዞለት በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ድሮ ከግንቡ ጀርባ ነበር የሚሰማኝ። አሁን ፊቱን አያለሁ። ፔዳሉን ቀስ አደረግሁ።

ደስ አለኝ? አዎ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ።

መጋቢት 6

ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገብቷል። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሚስቱ ማሚቴ ወጣች።

"ጌታሁን፣ ድምፅህ ጓዳ ድረስ ይገባል።"

"ለዚህ ነው የምጮኸው።"

"እኔስ ምን አደረግሁህ?"

"አንቺ መኪናው ላይ ነበርሽ።"

በሩን ዘጋች። ቀስ ብላ። ብታላጋው ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 7

ሦስት ጊዜ ጠራሁት።

መጋቢት 14

መንገድ ዝግ ነው ተባለ። አልወጣንም። ቦታየለም በር በሩን ሲያይ ዋለ። እኔም።

መጋቢት 29

ሽማግሌ መጣብኝ። አቶ አያሌውና ሼህ በድረዲን። ከኋላቸው ገዛኸኝ፣ በከዘራ፣ ጫንቃው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ። በዚያ እግሩ ከቤቱ እስከ ቤቴ።

ድንጋዩን አውርድ አላልኩም። ሰዓቴን አየሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆመ።

"ጌታሁን፣ ሰውየው እየተንቀጠቀጠ ነው" አለኝ አቶ አያሌው።

"እያየሁ ነው።"

ሰበብ ይደረድራል ብዬ ስጠብቅ ነበር። መኪናው የእኔ አልነበረም፣ ሾፌሩ እምቢ አለ… ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ። ሦስት ዓመት የተዘጋጀ መልስ።

ገዛኸኝ ግን "ቦታ ነበረ" አለ። "ቁም ሣጥኑን ማውረድ እችል ነበር። ጊዜ ይፈጅብናል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

መልሶቼ ሁሉ ከንቱ ቀሩ።

ሼህ በድረዲን ወደ እኔ ዞሩ። "መምህር" አሉኝ፣ "የሚስትህን ስም በቀን ስንት ጊዜ ትጠራለህ?"

ድንጋዩን አየሁ።

"የዚህን ሰው በደል ጠዋት ጠዋት ትጠራለህ። እሷን ግን ማንም ሲጠራት አይሰማም። በል አውፍ በለው። ይቅር በለውና አንተም ዕረፍ።"

የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የውሻው ስም እንዲቀየር። ቃሌን ሰጠሁ። ያ ስም ከእንግዲህ ከአፌ አይወጣም አልኩ። ድንጋዩን ያኔ አወረደ። ጫንቃው ላይ አቧራ ቀርቷል። አላራገፍኩለትም።

መጋቢት 30

አዲሱ ስም ዳማ። መልኩ ዳማ ስለሆነ። አጭር ነው፣ ማንንም አይነካም።

ዕቅድ አወጣሁ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ በገመድ፣ ቀጥሎ በሳይክል። በቀን አርባ ጥሪ፤ በዞረ ቁጥር የሳንባ ቁራጭ። አርባ ከአርባ ሳይሞላ ያለ ገመድ አስፋልት አጠገብ አይለቀቅም። አሠመርኩበት።

ዛሬ ሁለት ከአርባ። ሁለቱንም ሳንባው ሸትቶት ነው።

ሚያዝያ 6

ዘጠኝ ከአርባ። ስጠራው ጆሮውን ያነሣል፣ ከዚያ ሌላ ሰው የጠራሁ ይመስል ግቢውን ያያል።

አሮጌው ስም አንዴ ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

ሚያዝያ 13

ለፋሲካ ካረዱት በግ ማሚቴ አጥንት ላከች፣ "ለዳማ" ብላ። ተንበርክኮ ቆረጠመው። ምኑ ይገባዋል… እኔ ብሆን አልበላም ነበር።

ሚያዝያ 25

ገዛኸኝ ወንበሩን መልሶ አውጥቷል። ዛሬ አስቆመኝ።

"ዳማ እንዴት ነው?"

"አሥራ ዘጠኝ ከአርባ።"

"ማለፊያው ስንት ነው?"

"ለውሻ አርባ ነው።"

"ለዳይሬክተርስ?"

"ዳይሬክተር ሲፈተን አይቼ አላውቅም።"

ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፣ ፔዳሉን ረገጥኩ። አሁን በዚያ በር ሳልፍ የምለው የለኝም። ጠዋቱ ባዶ ሆኖብኛል። የምነሣው ለዚያ ኖሯል እንዴ?

ግንቦት 6

ከዕቅዱ ወጣሁ።

ሃያ ስምንት ከአርባ ላይ ነበርን። ትናንት ገዛኸኝ "ቃልህን እንደምትጠብቅ ዐውቃለሁ፣ ሁልጊዜም እንደዚያው ነህ" አለኝ። ላሳየው ፈለግሁ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በሩ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከሳይክሉ ወረድኩ። ገመዱን ፈታሁ። "ተቀመጥ" አልኩት፣ ተቀመጠ። አሥር እርምጃ ሄጄ "ዳማ" አልኩ። መጣ። ገዛኸኝ ወንበሩ ላይ ሆኖ አጨበጨበ። ደገምኩ። መጣ። ሦስተኛው ላይ በገዛኸኝ በኩል ካለው ሥጋ ቤት ደጅ ሌላ ውሻ ጮኸ። ዞረ። ወደ አስፋልቱ ሮጠ።

ዳማ። ዳማ። ዳማ።

አልሰማም። አሮጌው ስም አፌ ውስጥ ነበር፣ ሙሉውን። ገዛኸኝ እያየኝ ነው። ቃል ሰጥቻለሁ። አላወጣሁትም።

ያወጣው እሱ ነው። ከዘራውን ሳይዝ ተነሣ። በሕይወቱ ከሁሉ በላይ የሚያፍርበትን ቃል፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ በሙሉ ድምፁ ጮኸ። "ቦታየለም!"

ውሻው ቆመ። እንዳስተማርኩት። ባለበት ቆመ፣ መሐል አስፋልት ላይ። ዞሮ እኔን አየኝ።

ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ከሮቢት በኩል እየመጣ ነበር። ፍሬን ያዘ። በጊዜ አልቆመም።

ግንቦት 7

ከግቢው ጀርባ ቀበርኩት። ከነደረት ቀበቶው።

ግንቦት 9

አስፋልቱን በእርምጃ ለካሁ። ስምንት እርምጃ። የቆመው አምስተኛው ላይ ነው፤ ደሙ አልጠፋም። ቆሞ ያየኝ ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ባይቆም ኖሮ በሁለት ሰከንድ ሦስቱን እርምጃ ጨርሶ ጠጠሩ ላይ ይደርስ ነበር። መኪናው በጀርባው ያልፍ ነበር።

ሦስት ጊዜ አሰላሁ። ሦስቱም አንድ ነው።

ግንቦት 10

ገዛኸኝና ማሚቴ መጡ። ለውሻ ለቅሶ ተደርሶ አያውቅም፤ ምን እንደሚባል አያውቁም። ሻይ አፈላሁላቸው። ቆይቶ ማሚቴ ብርጭቆ ልታጥብ ወደ ጓዳ ገባች።

"ጌታሁን" አለኝ ገዛኸኝ። "ባልጠራው ኖሮ… ይተርፍ ነበር?"

ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

"እንጃ" ማለት እችል ነበር። "አይተርፍም፣ ቀኑ ደርሶ ነው" ይላል ሌላ ሰው። ለሟች ቤተሰብ ስንት ጊዜ ብየዋለሁ።

"ይተርፍ ነበር" አልኩት።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ፣ የተማሪ ውጤት እንደተነገረው ወላጅ። ማሚቴ እጇን እየጠራረገች ስትመለስ ቆሞ ነበር።

ግንቦት 14

ወንበሩ ባዶ ነው።

ግንቦት 17

ወንበሩም የለም። ማሚቴ በሩ ላይ ጠብቃ የሳይክሉን መሪ ያዘች።

"ምን አልከው?"

"የጠየቀኝን።"

"እንቅልፍ የለውም። መርፌውን አልወጋም ብሏል። ስኳሩ ወጥቶ ዓይኑ ደፍርሷል። 'ደግ ልሠራ ብዬ እንኳ ገደልኩ' ይላል። ለውሻው ብቻ የሚለው ይመስልሃል?"

አይመስለኝም። ለማን እንደሚለው ዐውቃለሁ።

"ግባና ተሳስቻለሁ በለው። ሒሳቡ ተሳስቶብኝ ነው በለው። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።"

"ሒሳቡ ልክ ነው።"

"ልክ አይደለም አላልኩህም። በለው ነው ያልኩህ።"

ፍሬሰላም መድኃኒት አጥታ ነው የሞተችው። እሱ በእጁ ይዞ እምቢ አለ። ይኼን ልላት ነበር፣ እሷ ግን መሪውን ለቃ ወደ ውስጥ ገባች። በሩን አልዘጋችውም። ክፍት በር ፊት ምን ያህል እንደቆምኩ አልለካሁም። ከዚያ ሄድኩ።

ግንቦት 22

ሦስት ዓመት በክፉ ሥራው ልጎዳው ሞከርኩ፣ ለመደው። በደግ ሥራው ለመጉዳት ግን አንድ ቃል በቃኝ።

ዛሬ ወደ አስፋልቱ መታጠፊያ ደርሼ መሪውን አዞርኩ። ከከተማው ጀርባ፣ በባዶው የማሽላ ማሳ በኩል ሄድኩ። በዚያ የማንም በር የለም። አሸዋ ነው፤ ጎማው ሰመጠ፣ ወርጄ ገፋሁ። ፀሐዩ ወጣብኝ። ሲቲ ከመስኖው ቲማቲም ጭና ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘችኝ። አህያዋን አቆመች።

"አንቱ መምህር፣ ሳይክሉ እርስዎን ነው የሚወስደው ወይስ እርስዎ ሳይክሉን? በአስፋልቱ አይሻልም?"

"አይሻልም።"

ፊቴን አየችኝ። ሳቋን ተወችው።

"ገዛኸኝ ዛሬም መርፌውን እምቢ ብሏል አሉ። ሁለተኛው እግሩም አብጧል። ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ" አልኩ።

አህያዋ እስክታልፍ ዳር ያዝኩ። ከዚያ መግፋቴን ቀጠልኩ።