ወደ በሩ የዞሩ ጫማዎች

ሰኔ 4
ዝናብ። ባቡሩ ውስጥ ሁሉም ሰው እርጥብ ውሻ ውሻ ይሸታል፤ እኔም ጭምር። ቢሮ ገብቼ የአዲሱን አስፈሪ የቪዲዮ ጨዋታ ናሙና ከፈትኩ። «ባዶው ማደሪያ»፣ ቁጥር አምስት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት እዚሁ ኦሳካ ሠራናቸው። ከዚያ ኩባንያው ለባሕር ማዶ ሰዎች ሰጠው። እኔን «አማካሪ» አሉኝ። የሚያማክረው የሌለ አማካሪ።

ድሮ የጨዋታው ባለታሪክ ልጅ መሣሪያ አልነበራትም። ትንፋሿን ውጣ ቁም ሣጥን ውስጥ መደበቅ ብቻ። በአራተኛው ሽጉጥ ሰጧት። አሁን ጠመንጃ ይዛለች... ጡንቻም አውጥታለች። መናፍስቱ ቢፈሯት አይገርመኝም።

ጫማውን ግን አልነኩትም።

ሰኔ 9
ነክተውታል።

በድሮው ጨዋታ ልጅቷ ስትገባ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። ስትመለስ ጫማዎቹ ወደ በሩ ዞረዋል፤ እኛ ዘንድ ለእንግዳ እንደሚደረገው፣ ለመውጣት እንዲመቻት። ቤቱ ውስጥ ግን ማንም የለም። ይኸው ነው። ይህን ፈርቶ ነበር ሰው መብራት አብርቶ ያደረው።

የነሱ ፈታሽ የጻፈው፦ «ጫማዎቹ በራሳቸው ይዞራሉ። ስህተት። ተስተካክሏል።» አሁን የሣር ምንጣፉ ላይ በቦት ትራመዳለች። በቦት!

ሰኔ 12
ዋና አዘጋጃቸውን ብሬትን ጫማውን እንዲመልስ በቪዲዮ ጥሪ ለመንኩት። ደግ ሰው ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።
«ወንድሜ፣ ተጫዋች ወለል አያይም። የሚተኩስበትን ነው የሚያየው።»
«ታዲያ ምኑን ይፈራል?»
«ጥይት እንዳያልቅበት።»
እውነቱን ይሆን እንዴ?

ሰኔ 17
የመጨረሻዋን ካርታ መዘዝኩ። «ጫማው ካልተመለሰ ሥራ እለቃለሁ» አልኳቸው። እኛ ዘንድ እንዲህ ሲባል አለቃ ይደነግጣል፣ «ኧረ በፍጹም!» ይላል፣ ሁለታችንም አንገታችንን እንደፋለን፣ ጫማው ይመለሳል። ዕድሜ ልኬን ያየሁት ይህንኑ ነው።

ብሬት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ውሳኔህን አከብራለሁ» አለኝ። የቀሩት አጨበጨቡ።

አጨበጨቡ...

ሰኔ 18
አለቃዬ ኩራሞቺ፣ አብሮኝ የተቀጠረው፣ ራሱን ይዞ፦ «አንተ ጅል! ለኔ ብትለኝ እኮ እምቢ እልህ ነበር! ለነሱ እንዲህ ይባላል?»
«አሁን እምቢ በለኛ።»
«የስንብት ኬክህን አዘው ልከዋል። በምን አፌ?»
ኬኩ እንጆሪ ነበረው። በላሁት።

ሰኔ 30
የሥራዬ የመጨረሻ ቀን። ቤት ገባሁ። ሚስቴ ሳዋኮ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።
«ሰውዬ... ጫማህ!»
ሳሎን መሃል በጫማዬ ቆሜያለሁ። ከኋላዬ የጭቃ ኮቴ። ተወልጄ አድርጌው አላውቅም።

አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ አወለቀችልኝ። ምንጣፉን ጠረገች። ጫማዎቹን በሩ ጋ አስቀመጠቻቸው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙራ፣ ለነገ ጠዋት እንዲመቸኝ።

ነገ የምሄድበት እንደሌለ አልነገርኳትም።