ለእማዬ የማዘጋጃት የቸኮሌት ቡና

ይድረስ ለእኅቴ ለየዓለምወርቅ ደምለው፣ ካለሽበት ከኩዌት።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? የምትሠሪላቸው ሰዎች እንዴት ይዘውሻል? ያ ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ይቆርጥሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? በደንብ ትበያለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? አንዱን ጥያቄ ሳትመልሺልኝ ሌላውን እጨምራለሁ፤ ይቅር በይኝ፣ አምስት ወር ሙሉ የተጠራቀመ ነው። ደኅና ነኝ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደኅና አይደለሁም ብልሽ ደግሞ በሰው አገር ሆዴን ታባባዋለች ትያለሽ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን። እማዬም አለች። እንዴት እንዳለች ከታች እነግርሻለሁና ሳትጨርሺው እንዳትደነግጪ።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን የአሻግሬ ልጅ ወለተ ጊዮርጊስ ናት። እሷም ሥራዋ እዚያው ኩዌት ነው፤ ለዕረፍት መጥታ ነበር፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሰኞ ማለዳ በዳባት አድርጋ ጎንደር ትወርዳለች። ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ድምፅሽን አልሰማንም። መጀመሪያ የኛ ኔትወርክ ነው እያልን ተጽናናን፣ እዚህ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋልና። በኋላ ግን የሌላ ሰው ልጆች ሲደውሉ ያንቺ ስልክ ብቻ ቀረ። ከጥር ወዲህማ ስልክሽ ጭራሽ አይጠራም። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ትናንት ደውላ ነበር» እላለሁ፤ ለምን እንደምዋሽ እኔም አላውቅም። እውነቱን ከአፌ ካወጣሁት ክፉው የሚደርስ ይመስለኛል።

እማዬ ግን እንደኔ አልዋሸችም። ለአስተርእዮ ደረስጌ ማርያም ድረስ ሄዳ ተሳለች። «የልጄን ድምፅ እስክሰማ ወተትም ቅቤም ሥጋም በአፌ አይዞርም፤ ፋሲካም ቢሆን አልፈታም» አለች። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳትቀምስ መዋል ጀመረች። ስልሳ ስምንት ዓመቷን ታውቂዋለሽ። በዘወረደ ሳምንት ከደጃፍ ወደቀች። ሐኪም ቤት ስወስዳት ደሟ ክፉኛ አንሷል፣ ወተትና እንቁላል ካላገኘች ያሰጋታል አሉኝ። እሷ ዘወር ብላም አላየቻቸው።

የነፍስ አባታችንን መምሬ ያርጋልን ጠራኋቸው። አጠገቧ ተቀምጠው፣ በሽተኛ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን አታስገድድም፣ እኔ ፈትቼሻለሁ፣ ስለቱንም በሌላ እለውጥልሻለሁ አሏት። ምን ብትል ጥሩ ነው? «አባቴ፣ እኔን እርስዎ ፈቱኝ፤ ልጄን ካለችበት ማን ይፈታልኛል?» ከዚያ ወዲያ እንጀራውም አልወርድ አላት፤ ሦስት ቀን በውሃ ብቻ ዋለች።

ያኔ ነው በመስከረም የላክሽልን ትልቁ የቸኮሌት ዱቄት ቆርቆሮ ትዝ ያለኝ። ጽሑፉ ዐረብኛ ስለሆነ ተከራያችንን አስተማሪውን ስሜነህን ጠየቅሁት። ቆርቆሮውን ሳያይ ደብተር እያረመ «ካካዎ እኮ የዛፍ ፍሬ ነው፣ እንደ ቡናው ማለት ነው» አለኝ። የዛፍ ፍሬ ከሆነማ የጾም ነው አልኩ። እንዲህ ያለው አዋቂነቴ ነው ጉድ የሠራኝ።

አሠራሩን አንቺው ነበርሽ በስልክ የነገርሽኝ፤ እኔ ለጾም አስማማሁት። በወተቱ ፈንታ ሱፍ አደረግሁ። ሱፉን ለብለብ አድርጌ ቆልቼ እወቅጠዋለሁ፣ በለብታ ውሃ አሽቼ በንጹሕ ነጠላ አጠለዋለሁ፤ ነጭ ውሃ ይወጣዋል። ቡናውን ወፈር አድርጌ አፈላና አተላው እስኪሰክን እተወዋለሁ። ዱቄቱን በስኒ አንድ የሾርባ ማንኪያ አድርጌ አስቀድሜ በጥቂት ትኩስ ቡና አሸዋለሁ፤ ባንዴ ከደፋሽበት ይጓጉላል፣ የመጀመሪያው ቀን ጓጉሎብኝ ያልበሰለ ሽሮ መስሎ ነበር። ከዚያ ቀሪውን ቡና፣ ቀጥሎ የሱፉን ውሃ እጨምርና ረመጥ ላይ እያማሰልኩ አሞቀዋለሁ። እንዲፈላ አልተወውም፣ ሱፉ ይቋጠራል። ስኳርና ቁንጥር ጨው ሲገባበት፣ እታለም፣ ሽታው ብቻ የሞተ ያስነሣል።

እማዬ ስኒውን አይታ «መምሬ ያልቀመሱትን አልቀምስም» አለች። እሳቸው ደግሞ ቡና ከተዉ ዓመታት አልፏቸዋል። ጠርቼ ሳመጣቸው ስኒውን ተቀበሉኝ፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያዝ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። እኔ ጣፋጩ ገርሟቸው ነው ብዬ ሳቄ መጣ። ከዚያ ዋጡና «ጠጪ በለጠች፣ በእኔ ይሁን» አሏት። እማዬ እስከ አተላው ጠጣችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መምሬ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ፤ አስቀድመው እሳቸው ይጠጣሉ፣ ቀጥሎ እሷ። በሳምንቱ ተነሥታ ተቀመጠች። በደብረ ዘይት ሳምንት እየተመረኮዘች ደጅ ወጣች፣ ከንፈሯ ቀላ። እኔም ባለሙያ ነኝ ብዬ ኮራሁልሽ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባል የለ?

ጉዱ የወጣው ትናንት ዓርብ፣ ሁለቱም ጠጥተው ካበቁ በኋላ ነው። ዱቄቱ ሊያልቅ ሲል፣ ጎንደር ይገኝ እንደሆነ ብዬ ቆርቆሮውን ለስሜነህ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገና ከዐረብኛው ሥር ያለውን ደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። ፊቱ ተለወጠ። «መዓዛ፣ ይሄ የወተት ዱቄት አለበት። ከካካዎውም ወተቱ ነው የሚበዛው» አለኝ። ቆርቆሮው ከእጄ ወድቆ ሲንከባለል እማዬ ከጓዳ «ምንድን ነው?» ስትል «ድመቷ ናት» አልኳት፤ ድመት የለንም።

እታለም፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። አርባ ቀን ሙሉ እናቴን በሁዳዴ ወተት ሳጠጣት ኖሬያለሁ። ያውም ላንቺ ብላ የተሳለችውን ስለት፣ አንቺው በላክሽው ዱቄት፣ በእኔ እጅ። የስልክሽን ዝምታ ሁሉ በራሴ ላይ ቆጠርኩት። አንቺ ላይ አንድ ነገር ደርሶ ከሆነ እኔ ነኝ ያደረስኩት አልኩ። ልናዘዝ ብል ለማን? ያሳትኳቸውም መምሬ፣ የነፍስ አባቴም እሳቸው። ነገ ደግሞ ሆሳዕና ነው። ሰሙነ ሕማማት ከገባ ካህን አይፈታም፤ ዛሬን ካሳለፍኩት ይህን ተሸክሜ እስከ ፋሲካ መክረሜ ነው። እማዬ በዚህ መካከል አንድ ነገር ብትሆንስ?

ዛሬ መምሬን ከአጥሩ ውጭ ጠብቄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ «እናትሽ ሰምታለች?» ብለው ነው። አልሰማችም ስላቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ልጄ፣ እኔ ከላም ሥር ያደግሁ ነኝ። ሱፍና ወተት አይምታታብኝም። ከመጀመሪያዋ ጉንጭ አውቄዋለሁ» አሉኝ።

የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ታዲያ ለምን ጠጡ አልኳቸው። ካልጠጣሁ አትጠጣም፣ ካልጠጣች ትሞትብናለች አሉኝ። «እሷ ሳታውቅ ነው የጠጣችው፤ የእሷ ጾም እንዳለ አለ። ያወቅሁት እኔ ነኝ፣ የፈረሰው የእኔ ነው።» ከቅድስት ሳምንት ወዲህ ቅዳሴ ትተዋል፤ ሕዝቡም እኛም ጉልበታቸውን አሟቸው ነው ስንል ከርመናል። ለካ ከዚያን ቀን ጀምሮ መቅደስ አልገቡም። ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አንድ ጾም ያልገደፉ ሰው፣ እንደ ተራ ምእመን ከውጭ ቆመው ሲያስቀድሱ ከረሙ። «ጉልበቴን ብዬ መዋሸቴም ሌላ ዕዳ ነው፤ እንግዲህ እሱንም እግዚአብሔር ይየው» ብለው አንገታቸውን ደፉ። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

ከዚያ የነገሩኝ ነው ወረቀት ያስያዘኝ። «እስከ ፋሲካ እንደምንም አደርሳታለሁ። ዱቄቱ እያለቀ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲፈታ ግን እሷ አትፈታም፣ በደረቅ ሱፍ ደግሞ ይህ ገላ አይቆምም። ስለቱን የሚፈታው የኔ መስቀል አይደለም፣ የዚያች ልጅ ድምፅ ነው። ጻፊላት» አሉኝ።

ከዚያ ገቡ። እኔም አፈላሁ፣ አማሰልኩ፣ ቀዳሁ። አርባ ቀን ሳላውቅ ነው የቀዳሁት፤ ዛሬ ግን አውቄ ቀዳሁ። መምሬ ቀድመው ጠጡ፣ እማዬ ተከተለች፣ «ዛሬስ እጅሽ ተባርኳል» አለችኝ። ንስሐ ልግባ ብል ነገም ሰኞም እቀዳለሁ፤ ከቆርቆሮው ሥር የሦስት ቀን ያህል ቀርቷል። ታዲያ ምኑን ተጸጸትኩት? እግዚአብሔርን እፈራለሁ፣ እማዬ ታውቅብኛለች ብዬም እፈራለሁ፣ ዱቄቱ የሚያልቅበትን ቀን ከሁሉ አብልጬ እፈራለሁ።

ስለዚህ እኅቴ፣ ደውዪ። ከሰዎቹ ቤት ጠፍተሽ ወጥተሽም ከሆነ አንቆጣሽም። ታመሽም ከሆነ፣ ታስረሽም ከሆነ፣ የሚያሳፍር የመሰለሽ ነገር ደርሶብሽም ከሆነ ለኔ በኋላ ትነግሪኛለሽ። ለእሷ «እማዬ፣ አለሁ» በያት፣ ሌላ አትጨምሪ። የኛ ስልክ ካልያዘልሽ በስሜነህ ስልክ ሞክሪ፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ።

እማዬ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ግን ከሳመችሽ ቦታ ሁሉ ደግማ ትስምሽ ነበር። ባለቤቴ አለምነህ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ማስጎብኘቱን ትቶ አምባራስ ሄዶ የአባቱን መሬት እያረሰ ነው፤ ባለፈው ሲመጣ አንቺን ነው አስቀድሞ የጠየቀኝ። ልጄ ብርሃኔ አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች። ስሜነህ እየተሳቀቀ ሰላም ይልሻል። መምሬ ያርጋል በጸሎት አልረሳትም በያት ብለዋል። እዚያ አብረውሽ ላሉ ያገር ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወለተ ጊዮርጊስን አንድ ነገር በማርያም አስምያታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ፣ አንቺን ፈልጋ ካጣች ግን መልሳ እንድታመጣልኝ። እታለም፣ ይህ ወረቀት ተመልሶ እንዳይመጣብኝ።

እኅትሽ መዓዛ ደምለው
ደባርቅ፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.