በራሱ የወለቀው ሳህን

ውድ በድሪያ፣

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ልጅሽ ኡበይደላ ነው። አስቀድሜ ልናገረው። እሱና ያ የብርሃን መሣሪያው ባይኖሩ የእናትሽ ሳህን ቡፌሽ ውስጥ እንደተቀመጠ ይኖር ነበር፤ እኔም የወንጂ ጎረቤትሽ ፀሐይቱ እንደሆንኩ እሞት ነበር። ሁለተኛዋ ተጠያቂ አንቺ ነሽ። ሳህኑን አውሺኝ ብዬ አልለመንኩሽም። ሦስተኛዋን ለመጻፍ ግን እጄ ገና አልጠናም። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ቀስ ብዬ እደርስባታለሁ።

ያን ሐሙስ ከወንጂ በጠዋት መጥተሽ አዳማ፣ ልጄ ቤት አገኘሽኝ። «ልጄ የሚያስተምረውን ሳናይ ልንሞት ነው እንዴ? ተነሺ፣ ጫማሽን አድርጊ!» አልሽኝ። ባጃጁ ውስጥ ሙሉ መንገድ ስትስቂ ነበር። ኡበይደላ ሳህኑን ለሥራው እንደወሰደው የነገርሽኝ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስንደርስ ነው። ያኔ «ራሴን አመመኝ» ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ግን ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ምን ይታያል ብዬ ገባሁ።

ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ መስኮቶቹ ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል። መሐል ላይ ሰፊ የብረት ጠረጴዛ አለ፣ እንዳይንቀጠቀጥ እግሮቹ አየር የተሞሉ። ሳህኑ እዚያ ላይ ቆሟል፤ ነጭ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ሐረግ የሚዞርበት። አባትሽ ምድር ባቡር ሲሠሩ ከጅቡቲ ለእናትሽ ያመጡት ያው ሳህን።

«እትዬ ፀሐይቱ፣ እዚህች ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ መንቀሳቀስ የለም» አለኝ ልጅሽ። «ሳህኑ የፀጉር ቅንጣት ያህል ከተንቀጠቀጠ ምንም አይወጣልኝም። በመንገዱ ከባድ መኪና ካለፈ እንኳ እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው።»

«ታዲያ እናትህን ለምን ጠራሃት? እሷ እኮ አፏ አያርፍም» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ስታኮርፊ ግድግዳ ይነቀንቃል!» አልሽ። ዙሪያውን የቆሙት ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በድሪያ፣ አብረን የሳቅነው ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው።

ልጅሽ አንድ መስታወት አወጣ፤ ባለፈው ሳምንት ሳህኑን በብርሃን ፎቶ ያነሳበት። ሳይወለወል የከረመ የመስኮት መስታወት ነው የሚመስለው። «ይሄማ ባዶ ነው» አልሽ። ቀይ ብርሃን ሲያበራበት ሳህኑ ከመስታወቱ ኋላ ብቅ አለ። ሥዕል አይደለም፤ ጥልቀት አለው። አንገቴን ወደ ግራ ሳዘነብል ጠርዙ የሸፈነው ሐረግ ይገለጣል፣ ወደ ቀኝ ስመለስ ይደበቃል። አንቺ እጅሽን ከመስታወቱ ኋላ ሰደድሽና አየር ጨበጥሽ። «ያ ረቢ!» አልሽ። እኔ ግን እጄን ቀሚሴ ውስጥ ቀበርኩ።

ልጅሽ እንዲህ ብሎ አስረዳን፤ አስተማሪነቱን አልክድም። «ብርሃኑን ለሁለት እከፍለዋለሁ። አንዱ ሳህኑን ነክቶ ይመጣል፣ ሌላው ምንም ሳይነካ ይመጣል፤ መስታወቱ ላይ ይገናኛሉ። እማ፣ ወንጂ ቦይ ውስጥ ከሁለት በር የገባ ውሃ ሲገናኝ የሚሠራውን ሞገድ ታስታውሺ የለ? መስታወቱ የሚይዘው ያንን ነው። ዛሬ ደግሞ በአንድ መስታወት ሁለት ጊዜ አነሳዋለሁ። አንዴ እንደቀዘቀዘ፣ አንዴ በመብራት ትንሽ ሞቅ አድርጌ። ሲሞቅ ያብጣል፤ የኛ ዓይን አያየውም፣ ብርሃኑ ግን ለይቶ በጥቁር መስመር ያሳየዋል። ጤነኛ በሆነበት መስመሮቹ ሳይቋረጡ ይሄዳሉ። ኑሰይባ የሰበረችው ጠርዝ ላይ ግን ይቆረጣሉ። ይህን ሳህን የመረጥኩትም ስብራቱ የት እንዳለ ስለማውቅ ነው።»

ኑሰይባ። የሟች እህትሽ ልጅ፣ ከአርሲ አምጥተሽ ያሳደግሻት። ልጄ ሉሊት በተዳረች በሁለተኛው ወር፣ በአረፋ ማግስት፣ ያን ሳህን ስታጥብ የጠርዙ ቁራጭ እጇ ላይ ቀረ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። «ወላሂ በራሱ ወለቀ!» አለች። ባልሽ «ጥርስ ነው እንዴ በራሱ የሚወልቀው?» አላት፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ በናንተ ቤት ብርጭቆ የሰበረ፣ እንቁላል የጣለ፣ ቁልፍ ያጠፋ ሁሉ «በራሱ ወለቀ!» ይላል። እንግዳም እስኪለምደው። አንቺ ሳህኑን ስላበላሸች ሳይሆን ስለዋሸች ነበር የተቀየምሻት። «አጥፍቻለሁ ብትለኝ ምን ነበረበት?» ስትይኝ፣ እኔ «ልጅ ናት፣ ተያት» አልኩሽ። ደግ ሆኜ። በዓመቱ ዱከም ፋብሪካ ተቀጥራ ሄደች፤ ለአረፋ ስንት ጊዜ ተጠርታ ቀረች።

ልጅሽ ሁለቴ ያነሳበትን መስታወት አጥቦ እስኪያደርቅ ጠበቅን። ብርሃኑን ሲያበራው ሳህኑ በጥቋቁር መስመር ተሸፍኖ መጣ፤ ከፍታ ላይ ቆመው የሚያዩት የአገዳ ማሳ ረድፍ ይመስላል። ጠርዙ ላይ፣ ኑሰይባ የሰበረችው ቦታ፣ እንደተባለው ረድፉ ተቆረጠ። ግን እዚያ አላበቃም። ከላይ እስከታች፣ ልክ ቦይ ማሳን እንደሚያቋርጠው፣ ሁሉም ረድፍ መሐል ላይ ተሰብሮ ነበር።

«ቆይ» አለ ኡበይደላ። «ይሄ ሳህን ለሁለት ተሰብሮ ያውቃል። በደንብ ነው የተጣበቀው። ጠርዙም ከዚሁ ስብራት ጋር የሄደ ነው፤ ኑሰይባ እጅ ላይ ከመውለቁ በፊት ተጣብቆ ነበር ማለት ነው።» ሳህኑን አንስቶ ገለበጠው። «እማ፣ ከቤት ወጥቶ ያውቃል?»

ከታች ሦስት ቀይ ነጥብ አለ። የጥፍር ቀለም። ለሉሊት ሠርግ ከጎረቤት የተዋስኩትን ዕቃ ሁሉ እንዳይደባለቅ ምልክት ያደረግሁበት ያው ቀለም። ኑሰይባ «እኔ ስም ልጻፍልዎት» ብላኝ ነበር፤ ማንበብ እንደማልችል ሰው ፊት የነገረችብኝ መስሎኝ «ነጥብ ይበቃል» አልኳት። ለአንቺ ሦስት ነጥብ። ስብራቱ መሐለኛዋን ነጥብ ለሁለት ከፍሏታል፤ ግማሾቹም በትክክል አልገጠሙም። ሳጣብቅ ፊቱን ብቻ ነበር ያየሁት፤ ሐረጉ መስመሩን ስለሸፈነልኝ ደስ ብሎኝ ሥሩን አላየሁም።

አንቺ ነጥቧን በአውራ ጣትሽ ዳሰስሻት። ያ ሳህን ከዚያ በፊት ከቤትሽ የወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለሉሊት ሠርግ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ ለልጅሽ «ወጥቶ አያውቅም። ከጅቡቲ ሲመጣ ተሰብሮ ይሆናል» አልሽው።

ለእኔ ብለሽ ዋሸሽ። ኑሰይባን በውሸት የተቀየምሽ ሴት፣ በልጅሽና በተማሪዎቹ ፊት። ደረጃውን ስንወርድ ክንዴን ይዘሽ ስለ ሙቀቱ አወራሽኝ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። ባጃጅ ውስጥ አስገብተሽኝ «ደህና ዋይ» ብለሽ በሩ ላይ ቀረሽ። ይኸው አንድ ወር ሞላሽ፣ ወደ አዳማ አልመጣሽም።

አሁን ሦስተኛዋን ልጻፍ። መሣሪያው ስብራቱን አሳየ እንጂ ይህን አላሳየም፤ ሳህኑ አልወደቀብኝም።

በሠርጉ ቀን ለሙስሊም እንግዶች የሚሆነውን ለብቻው የሠራሽው አንቺ ነበርሽ። በዚያ ሳህን አቀረብሽው። እኔ ሦስት ቀን ያልተኛሁበትን ወጥ ማን አነሳ? የሙሽራው አባት ሳይቀር ከድንኳኑ ማዶ «ያ የማነው ሳህን? የማን እጅ ነው?» እያለ ሲጠይቅ ሰማሁ። የልጄ ሠርግ ነበር፤ የተመሰገንሽው አንቺ ነሽ። እንግዳው ሲሄድ ጓሮ ሆኜ ሳጥብ ሳህንሽ እጄ ገባ። ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት ልበልሽ ወይስ መታሁት? ማስቀመጥ አልነበረም። ለሁለት ሲከፈል ጠርዙም አብሮ ፈነጠረ። ለአንድ አፍታ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ቁርጥራጩን ከድንጋዩ ሥር ለቀምኩ። ማጣበቂያ ፈልጌ ገጣጠምኩት፣ በሦስተኛው ቀን ወልውዬ አጽድቼ መለስኩልሽ። «ከነበረው አሳመርሽው!» ብለሽ ሳምሽኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ዱከም ሄድኩ። የፋብሪካው በር ላይ ሠራተኛው እስኪቀያየር ቆምኩ። ኑሰይባ እንዳየችኝ «እትዬ ፀሐይቱ! ማን ሞተ?» አለች። «ማንም አልሞተም» ብዬ እዚያው እንደቆምኩ ነገርኳት። ሠራተኛው በግራና በቀኝ እየገፋን ያልፋል። የምሳ ዕቃዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ሰማችኝ።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እኔ እኮ ሰብሬው ይሆናል ብዬ ካመንኩ ቆይቻለሁ። ሁሉም ሲስቅ፣ እርስዎም ሲስቁ፣ ታዲያ እኔ ነኛ የምሳሳተው አልኩ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ይቅር አላለችኝም። «ለአክስቴ ነግረዋታል?» አለችኝ።

«አልደፈርኩም።»

«ይጻፉላታ። አሁንማ ፊደል ችለዋል።» ሚኒባሱ ጮኸ። ተሳፍራ መስኮቱን ከፍታ «ሰው ፊት ነው የሳቁብኝ፤ ሰው ፊት ይነበብ!» አለችኝና ሄደች።

በድሪያ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳትደብቂልኝ። አንድ ጊዜ ደብቀሽልኛል፤ ይበቃል። በአረፋ ዕለት፣ የሳቀው ሁሉ ማዕድ ላይ ተሰብስቦ ሳለ፣ ኡበይደላ ጮክ ብሎ ያንብበው። እሱንም ተጠያቂ ብዬዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ፣ ያየውን ነው የተናገረው። ኑሰይባን ራስሽ ሄደሽ አምጫት፤ እኔ አምጥቼልሽ መመስገን አልፈልግም። እኔን መጥራት አለመጥራት ያንቺ ነው። ከጠራሽኝ በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ እስከ መጨረሻውም እሰማለሁ።

እዚያ ብሆንም ባልሆንም፣ ከእንግዲህ አንድ ሰው ብርጭቆ ሰብሮ «በራሱ ወለቀ!» ሲል አብሬ አልስቅም።

ፀሐይቱ